ስለ ትምህርት ቤቶች የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና ስለ ቤቶቻቸው ጥገና

በመካነ ሰላም ከተማ ለተሰበሰቡ መምህራን፣ ወላጆችና የትምህርት ቦርድ አባላት የቀረበ ዲስኩር



ስለ ትምህርት በሚደረጉ ታላላቅ ጉባዔያት ላይ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ ተማሪዎች የፈተና ውጤት በሰፊው ሲነገር እንሰማለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠመኔው በማን ገንዘብ እንደሚገዛ፣ ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ በማን ወጪ ተመልሶ እንደሚመታ፣ የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ቤት በር ከማጠፊያው ሲወልቅ ማን እንደሚያቆመው፣ የፈተናው ወረቀት የሚባዛበት ቀለም ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ ጥያቄው ከመወያያው ነጥቦች ሁሉ ኋላ ይቀመጥና ሰዓቱ አለቀ ተብሎ ይታለፋል። እኔ በፈቃዳችሁ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለሚታለፈው ነገር ነው። መምህሩ ደመወዙን ተቀብሎ በሰዓቱ በክፍሉ ቢቆምም፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሰሌዳው ነጥቶ ጽሕፈት የማይቀበል፣ መጽሐፉም በዕቃ ቤት ውስጥ በእርጥበት የሻገተ ከሆነ፣ ለመምህሩ የተከፈለው ደመወዝ ራሱ ሊያፈራ ከሚገባው ፍሬ እጅግ ጥቂቱን ብቻ ያፈራልና።

ሐሳቤን ከመዘርዘሬ አስቀድሞ የንግግሬን ፍሬ ነገር ልግለጥላችሁ። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የሥራ ማስኬጃና የጥገና ገንዘብ እስከ ዛሬ የሚመደበው በተማሪ ቁጥር ነው፤ የሚደርሰውም የመንግሥት የሒሳብ አሠራር በፈቀደለት ወር ነው። ጣሪያ ግን በተማሪ ቁጥር አያፈስም፤ ዝናብም የመንግሥትን የሒሳብ ዓመት ጠብቆ አይዘንብም። ስለዚህ እንደኛ ባለው ደጋ፣ ትምህርት ቤቶች በየጎጡ ተበታትነው ጥቂት ጥቂት ልጆችን በሚያስተምሩበት አገር፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን፣ የማይነካ መነሻ ገንዘብ በየዓመቱ ሊቆረጥለት፣ ያም ገንዘብ ጭቃና ቆርቆሮ በሚሠራበት ወራት ሊደርሰው ይገባል እላለሁ።

ይህ የምንኖርበት ምድር፣ ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ አቋርጦ፣ በአቀስታ በኩል አልፎ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ የሚዘረጋው ደጋ፣ ለትምህርት እንግዳ አይደለም። በሳይንት የተድባበ ማርያም ደብር አለ፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረው፣ መጽሐፈ ምስጢርንና ሰዓታትን የደረሰው ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስም ዘጋስጫ ተብሎ የተጠራው በዚሁ በወሎ ምድር ባለው ገዳሙ ነው። በእስልምናም ወገን በየገጠሩ ሐሪማ ደረሳዎችን ሰብስበው ፊቅህንና ነሕውን ሲያስቀሩ የኖሩ ሼሆች የወሎን ስም ከባሕር ማዶ ሳይቀር አስጠርተዋል። እነዚህ ጉባዔያት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን በገዛ እጁ ቀልሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ለምኖ ይማር ነበር፤ ደረሳውም በአካባቢው ምእመን ድርጎ ይኖር ነበር፤ ብራናው ከሚታረደው በግና ፍየል ቆዳ ይገኝ ነበር፤ መምህሩም ደብሩ ከተሰጠው መሬት ድርሻውን ይበላ ነበር። ወጪው ነበረ፤ ከፋዩም ሕዝቡ ነበረ። ይህ ሥርዓት ሊቃውንትን አፍርቷልና ሊከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን ሕፃናትን ሁሉ ያለ ልዩነት ለማስተማር የተሠራ ሥርዓት አልነበረም። ሕፃናትን ሁሉ አስተምራለሁ ብሎ ቃል የገባ መንግሥት ወጪውን ለአኩፋዳ ሊተወው አይችልም።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ወጪው ከቤተ መንግሥት የሚወጣ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ትሩፋት ነበረ። ከጠላት ወረራ በኋላ ግን ትምህርት ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ ሲስፋፋ፣ በበጎ ፈቃድ ብቻ የማይዘለቅ መሆኑ ታውቆ በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 ከመሬት ግብር ጋር የሚከፈል የትምህርት ግብር ተደነገገ። በዚህ አዋጅ ውስጥ ዛሬም ልብ ልንለው የሚገባ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ ከገበሬው የተሰበሰበው ለትምህርት ተብሎ ስለ ሆነ፣ በተሰበሰበበት አገር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል መታሰቡ ነው። ባለመሬቱና ጭሰኛው በፍትሕ ተካፍለው ይከፍሉት ነበር ማለቴ አይደለም፤ የዚያ ዘመን የመሬት ሥሪት ሸክሙን በማን ጫንቃ ላይ እንዳወረደው የወሎ ሽማግሌዎች ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን ለአንድ ዓላማ ተለይቶ በሕግ የታጠረ ገንዘብ ሊኖር እንደሚችል አገራችን ከብዙ ዘመን በፊት አውቃለች።

ከዚያም በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራ ክፍል ተቋቁሞ፣ ሕዝቡ የድርሻውን ሲያዋጣ የቀረውን ርዳታው እየሸፈነ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ይሠራ ጀመር። በአገራችን ከዚያ ወዲህ ሥር የሰደደው ልማድ ይህ ነው፦ ሲሠራ ይመረቃል፤ ከተመረቀ በኋላ ግን ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። አዲስ ክፍል የሚሠራለት ርዳታ ሰጪ ይገኛል፤ የአሮጌውን ክፍል ጣሪያ ልምታ ብሎ ከሩቅ አገር የሚመጣ ግን የለም። በአብዮቱ ዘመንም ሕዝቡ በማኅበሩና በቀበሌው እየተመራ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ ትምህርት ቤት ሠርቷል፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዳስ ጥሎ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። ያን ጊዜም ቢሆን የጥገናው ነገር የሚታሰበው ግድግዳው ሲዘም ብቻ ነበረ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ካወጀ በኋላ የተማሪው ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ በታሪካችን ታይቶ በማይታወቅ መጠን አደገ፤ በ1988 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ ከ4 ሚሊዮን ያልበለጠ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ልጆቹ መጡ፤ የወግዲ ቆላ እረኛ፣ የለጋምቦ ደጋ በግ ጠባቂ ልጅ ሳትቀር መጣች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወረዳዎች የራሳቸውን ጥቅል በጀት ከክልሉ እየተቀበሉ ራሳቸው እንዲያከፋፍሉት ሲደረግ፣ የመምህራን ደመወዝ በወረዳው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ወረዳው ከትምህርት መደበኛ በጀቱ ከመቶ ብር ዘጠናውንና ከዚያም በላይ ለደመወዝ ካዋለ በኋላ፣ ለጠመኔ፣ ለወረቀትና ለምስማር የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ እዚህ የተቀመጡት ርዕሳነ መምህራን ምስክር ናቸው። በዚያው ዓመት ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት አመራር አደረጃጀት፣ የሕብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ የቀበሌ ቦርዱንና የወላጅና መምህር ኅብረቱን ሥልጣን ወስኖ ትምህርት ቤቱን በሕዝብ እጅ አስገባው፤ ሕዝቡ ሥልጣኑን ከነኃላፊነቱ ተረከበ፤ ገንዘቡ ግን ከኋላ ቀረ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ታስቦ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚደርስ ድጎማ አስገኘ፤ መምህራን በተለምዶ ስኩል ግራንት የሚሉት ማለት ነው። ድጎማው ሲጀመር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚማር ለአንድ ልጅ በዓመት 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚማር 55 ብር፣ ከ9ኛ እስከ 10ኛ ለሚማር 60 ብር፣ ለመሰናዶ ተማሪ 70 ብር ሆኖ ተተመነ። በዚህ ገንዘብ ደመወዝ መክፈል የተከለከለ ሲሆን፣ መማር ማስተማሩን፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢን፣ የትምህርት ቤቱን አመራርና የኅብረተሰቡን ተሳትፎ የሚያሻሽል ሥራ፣ ከነዚህም መካከል ቀላል ጥገና፣ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ መሠረት እንዲሠራበት ተፈቀደ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበረ፤ ሳናመሰግን ልናልፈው አይገባም። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሆነ፣ ከወላጆች ጋር ተማክሮ የሚያወጣው ገንዘብ አገኘ።

አሁን እስቲ ገንዘቡ ከሣጥኑ እስከ ጣሪያው የሚሄድበትን መንገድ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ከመካነ ሰላም ርቆ በአንድ ቀበሌ ያለ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍሉ ጣሪያ ተገንጥሎበት አምስት ቆርቆሮና ሦስት ኪሎ የቆርቆሮ ምስማር ያስፈልገዋል እንበል። ርዕሰ መምህሩ የወላጆችን ኅብረት ይሰበስባል፤ ቃለ ጉባዔ ይጻፋል፤ አባላቱ ይፈርማሉ፤ ማኅተም ይመታል። ቃለ ጉባዔው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። ከዚያ ገዢ ሆኖ የተመረጠው መምህር ወደ ከተማ ወጥቶ ከሦስት ሱቆች ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ዋጋው ተነጻጽሮ እስኪፈቀድ ድረስ ደግሞ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ያስተምራል፤ ሲፈቀድ እንደገና ይወጣል፤ በዚህ መካከል የብረት ዋጋ ከፍ ብሎ ከሆነ ነጋዴው በቀድሞው ዋጋ አልሸጥም ይላል፤ ፕሮፎርማውም እንደገና ይጀመራል። ዕቃው ተገዝቶ በአህያ ጀርባ ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። በመጨረሻ ቆርቆሮውን የሚመታው የመንደሩ አናጢ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሌለው የእጁ ዋጋ ሊወራረድ አይችልም ይባላል። መምህሩም አናጢውን ስለ ልጆቹ ብለህ በነጻ ምታልን ይለዋል፤ አናጢውም ልጁ በዚያ ክፍል ትማራለችና ይመታል።

የመንግሥት ገንዘብ ያለ ጥንቃቄ ይውጣ የሚል ሰው ከእኛ መካከል የለም፤ ሒሳብ መጠየቅ የተገባ ነው። ነገር ግን ለሚሊዮን ብር ግዥ የተሠራ ሥርዓት ለሦስት ኪሎ ምስማር ሲውል፣ ጥንቃቄው ራሱ ከዕቃው ይልቅ ውድ ይሆናል፤ መምህሩን ከክፍሉ በተደጋጋሚ ያወጣዋልና። ለትናንሽ ጥገና የመንደሩ ባለሙያ በኅብረቱ ፊት በፈረመበት ወረቀት የሚከፈልበት ቀላል ሥርዓት ቢፈቀድ፣ ከገንዘቡ መጨመር ባልተናነሰ ይጠቅመን ነበር።

ስለ ወቅቱ ደግሞ ረዘም ባለ ሐተታ ልናገር እወዳለሁ፤ ይህ ነገር የተዘነጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። በእኛ አገር ብዙው የመማሪያ ክፍል እንጨትና ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ የራሱ ወራት አለው። ዝናቡ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ሲያቆም፣ ምድሩ ገና እርጥብ፣ ምንጩ ቅርብ ሆኖ ሳለ ጭቃውን ማቡካት ይቀላል፤ በታኅሣሥና በጥር አውድማው ሲወቃ ጭዱ ይገኛል፤ በዚያ ጊዜ የተለቀለቀ ምርጊት የበጋው ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ውርጩም ቢሆን ከደረቀ ወዲያ ብዙ አይጎዳውም። በየካቲትና በመጋቢት ግን በከፍተኛው ደጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ምድር፣ የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የተለቀለቀ ግድግዳ ሳይደርቅ ይታጠባል። ቆርቆሮውም ቢሆን ሰኔ ሳይገባ መመታት አለበት፤ ከገባ በኋላ የሚመጣው ነፋስና በረዶ ለባለ መሰላል ሰው ፋታ አይሰጥምና። ይህን ሁሉ ማንኛውም ገበሬ ያውቃል።

የመንግሥት የሒሳብ ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በሐምሌ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ድጎማው በፌዴራል፣ በክልልና በዞን በኩል አልፎ ወደ ወረዳው የሚወርደው ቀስ እያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከትምህርት ዘመኑ መጋመስ በኋላ ይደርሳል። ገንዘቡ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ከደረሰ፣ ርዕሰ መምህሩ ሰኔ 30 ከመምጣቱ በፊት አውጥቶ ማወራረድ አለበት፤ ስለዚህ ፈጥኖ ሊገዛ የሚችለውን ይገዛል። ወረቀት ይገዛል፤ ማኅደር ይገዛል፤ ቀለም ይገዛል። ግድግዳው ግን ይቀራል፤ ምክንያቱም ግድግዳ በሚያዝያ አይለቀለቅም። በሚቀጥለው ዓመት እንዲሁ ይሆናል፤ ግድግዳውም ሦስት ክረምት ከጠገበ በኋላ ከመለቅለቅ አልፎ መፍረስ ያስፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ ጥገና ሳይሆን አዲስ ግንባታ ይሆንና ከድጎማው ፈቃድ ውጭ ይወድቃል። ገንዘቡ በወራቱ ባለመድረሱ ብቻ፣ ጥቂት ሸክም ጭድና የጥቂት ቀን ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቅ ሆኖ ተለወጠ ማለት ነው።

ወደ አከፋፈሉ ልመለስ። ድጎማው ሲጀመር በነበረው በ50 ብር ስሌት 180 ልጆች ያሉት የአንደኛ እርከን ትምህርት ቤት በዓመት 9,000 ብር ያገኝ ነበር፤ በ55 ብር ስሌት 1,600 ልጆች ያሉት የከተማ ትምህርት ቤት 88,000 ብር ያገኝ ነበር። ለመጽሐፍና ለጠመኔ ይህ አከፋፈል ፍትሐዊ ነው፤ ልጅ በበዛ ቁጥር ጠመኔም ይበዛልና። ለጣሪያና ለአጥር ግን ፍትሐዊ አይደለም። 180 ልጆች ያሉት ትምህርት ቤት እንደ ትልቁ ሁሉ አራት ክፍል፣ የመምህራን ክፍል፣ ዕቃ ቤት፣ ለወንዶችና ለሴቶች የተለያየ መጸዳጃ ያስፈልገዋል። እንዲያውም ዕቃው ከመካነ ሰላም ገበያ እስኪደርስለት የሚከፍለው የማጓጓዣ ኪራይ ከከተማው ይልቅ ይበልጣል። የደንቆሮ ጫካን የመሰለ ጥብቅ ደን በአካባቢው ቢኖርም፣ ደኑ የሁላችንም ርስት ሆኖ ተጠብቆ ሊቆይ የሚገባው ስለሆነ፣ ከዚያ ማገርና ምሰሶ መቁረጥ አይቻልም፤ ባሕር ዛፉንም በገንዘብ መግዛት ግድ ነው።

በእንግሊዝ አገር መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ለትናንሽ የሕንፃ ሥራና ለመሣሪያ የሚሰጠውን ዓመታዊ ገንዘብ ሲያከፋፍል ይህንኑ ችግር አስቀድሞ አይቶታል፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ 4,000 ፓውንድ ቁርጥ ያለ መነሻ ይሰጥና በላዩ ላይ በተማሪ ቁጥር፣ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 11 ፓውንድ ከ25 ፔንስ እየታሰበ ይጨመራል። መቶ ልጆች ያሉት የገጠር ትምህርት ቤት ከዚህ የተነሣ በመነሻው ብቻ ከተማሪዎቹ ቁጥር ከሚያገኘው ይልቅ ብዙ ያገኛል። በኬንያም በ1995 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ሲሆን ለአንድ ልጅ የተመደበው 1,020 ሽልንግ የመጽሐፉና የትምህርት መሣሪያው በአንድ ሒሳብ፣ የጥገናውና የልዩ ልዩ ወጪው በሌላ ሒሳብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይበላው ማለት ነው። እነዚህ አገሮች በሀብት ከእኛ ይበልጣሉ፤ በኬንያና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሥርዓቱን ለመውሰድ የሚከለክል አይደለም። የምንለምነው የፓውንዱን ብዛት ሳይሆን የአከፋፈሉን ጥበብ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የተተመነ 50 ብር ያን ጊዜ ምን ያህል ደብተርና ጠመኔ ይገዛ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ቆርቆሮና ምስማር ዋጋው ወዴት እንደወጣ የመካነ ሰላም ነጋዴዎች ይነግሯችኋል። ተመን በቁርጥ ብር ተጽፎ ዓመት በዓመት ከገበያው ጋር ካልተስተካከለ፣ መንግሥት ድጎማውን ሳይቀንስ ድጎማው በራሱ እያነሰ ይሄዳል።

የወላጁ መዋጮ የሚመጣውም ከዚህ ጉድለት የተነሣ ነው። እኔ ስለ ሕዝባችን ለጋስነት የማልጠራጠር ሰው ነኝ። ይህ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያፈስ የሚተኛ፣ መስጊዱ ሲዘም የሚቀመጥ አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱም ድንጋይ ተሸክሟል፤ እንጨት አቅርቧል፤ የጉልበት ቀን ሰጥቷል፤ በደሴና በአዲስ አበባ የሚኖሩ ተወላጆችም ዴስክና መጻሕፍት ልከዋል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ለትውልድ ብሎ የጀመረው ንቅናቄም በዚሁ ለጋስነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ሲመዘኑ ከአራቱ ደረጃዎች በአንደኛውና በሁለተኛው ላይ የተገኙ መሆናቸው ሲታይ፣ ንቅናቄው መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መዋጮ በመዝገብ ላይ በፈቃድ ተብሎ እየተጻፈ በምዝገባ ቀን ግዴታ ሲሆን፣ አምስት ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት እናት ሁለቱን ብቻ አስመዝግባ ሦስቱን ከበግ ኋላ ታስቀራቸዋለች፤ ከምታስቀራቸውም መካከል ሴቶቹ ይበዛሉ። ትምህርት ያለ ክፍያ ነው ብሎ መንግሥት በፖሊሲ ያወጀውን በዚህ መንገድ መልሶ ይወስደዋል። ሕዝቡ ከመንግሥት ድርሻ በላይ ቢጨምር በረከት ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል፤ የቆየውን ጭቃ ቤት በድንጋይ ይለውጥበታል። የመንግሥትን ድርሻ ተክቶ ጠመኔ እንዲገዛ ማድረግ ግን አይገባም።

ጦርነቱ በክልላችን ትምህርት ቤቶች ላይ ያደረሰውን ጉዳት በዚህ ስፍራ በዝርዝር አላነሣም፤ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ በብዙ ስፍራ ልጆች እስከ ዛሬ ከትምህርት ርቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በሩና መስኮቱ የተነቀለ ክፍል ታላቁ የመልሶ ግንባታ በጀት እስኪመጣ ድረስ ሲጠብቅ ሁለት ክረምት ቢያልፍበት፣ በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ መልሶ የሚገነባ ነገር አይኖርም። ጥቂት በርና ጥቂት መስኮት በዚያው ወር ማስገጠም የሚያስችል ገንዘብ በትምህርት ቤቱ እጅ ቢኖር ኖሮ ይድን ነበር።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ለእናንተ ለቦርድ አባላት የማቀርበው የተወሰነ ነገር ነው። የወረዳው በጀት በሰኔ ለምክር ቤት ቀርቦ በሐምሌ ይጸድቃል። ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ እያንዳንዱ ቦርድ በየትምህርት ቤቱ ዞሮ የሚያፈሰውን፣ የሚዘመውን፣ የሚወድቀውን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ወረቀቱም የክፍሉን ስም፣ የሚያስፈልገውን ዕቃና ሥራው የሚሠራበትን ወር ይያዝ። ይህ ወረቀት ከየቀበሌው በአንድነት ወደ ወረዳው ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ተወካዮቻችን ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከጥቅል በጀቱ ትንሽም ብትሆን የማትነካ መነሻ ገንዘብ እንዲቆርጡ፣ እርስዋም እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንድትለቀቅ ለመጠየቅ ይቻላል። የፌዴራሉ ድጎማ ዘግይቶ ቢመጣም ወረዳው በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ይህ ነው፤ ጥቅል በጀቱን የማከፋፈል ሥልጣን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በእጁ ነውና።

በእናንተም በኩል የገባውንና የወጣውን ሒሳብ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በጉባዔው ቀን በቃል እየተነገረ ማስታወቅ ይገባችኋል። የተገዛው ቆርቆሮ ቁጥሩ ይነገር፤ የተመታበት ክፍል ይታይ፤ የቀረው ብር ይነበብ። ገበሬው ልጁ በምትማርበት ክፍል ጣሪያ ላይ ገንዘቡን በዓይኑ ያየ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከመንግሥት የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ከኪሱ የሚጨምረውንም በደስታ ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ከወግዲና ከሳይንት ቀበሌዎች እስከ ግንቦት 30 ቀን ድረስ ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲገቡ፣ ዛሬ ከዚህ ጉባዔ ሳንነሣ ተነጋግረን ብንወስን መልካም ነው።